ሠላሳ አንድ ሲቀነስ ስምንት

እትዬ ቬቱሪያ በኮራቢያ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሕፃናትን መደመርና መቀነስ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የዳኑብ ወንዝ ጀልባ ነጂውም፣ ዳቦ ጋጋሪውም መቀነስን የተማሩት በእሳቸው ስንጥሮች ነው። ስንጥሮቹ ዐሥር ዐሥር ሆነው በክር ይታሰራሉ፤ የአንድ ቤቱ አልበቃ ሲል አንዱ እስር ይፈታና ይቀነሳል። ሌላ መንገድ የለም።

ችግሩ የመጣው ከግድግዳው ማዶ ነው። ባለፈው መስከረም ኢሊንካ የምትባል የሃያ አምስት ዓመት አስተማሪ ከጎን ያለውን ክፍል ያዘች፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቿ ይስቃሉ። በሒሳብ ደግሞ ማን ይስቃል? እትዬ ቬቱሪያ ሳቁን በሰሙ ቁጥር ጠመኔያቸው ይሰበራል። ቅናት ነው፤ ራሳቸውም ያውቁታል። ይባስ ብሎ የሶሪና እናት ልጇን ወደ ኢሊንካ ክፍል ልታዛውር ነው የሚል ወሬ ጆሯቸው ገባ። ሶሪና መቀነስ ዳገት የሆነባት፣ እሳቸው ግን ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት ልጅ ናት። እሷን ከተነጠቁ ምን ቀራቸው?

ማርች አንድ ቀን እንደ ወጉ ልጆቹ ከቀይና ከነጭ ክር የተገመደ መርጺሾር የሚባል የጸደይ መግቢያ ጌጥ አምጥተው በየአስተማሪያቸው ደረት ላይ ሰኩ። እትዬ ቬቱሪያ የራሳቸውን ቆጠሩ፤ ዐሥራ ዘጠኝ። ኮሪደር ላይ ኢሊንካን ሰላም ሲሉ ዓይናቸው ደረቷ ላይ ነበር፤ ሃያ ሁለት። ያምርብሻል የኔ ልጅ አሏት ከአንገት በላይ። ክፍል ሲመለሱ ደግሞ ከሶሪና ኪስ የቀይና የነጭ ክር ጫፍ ብቅ ብሎ አዩ። ለማን እንደሆነ ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም።

ልጅቷን ጠርተው ሰሌዳው ላይ 31 – 8 ጻፉ። ስንጥሮቹን ግን አላቀበሏትም።

ሶሪና ጣቶቿን አየች። ከስምንት ዐሥር ለመድረስ ሁለት፣ ከዐሥር ሠላሳ አንድ ለመድረስ ሃያ አንድ እያለች አጉተመተመችና 23 ብላ ጻፈች። ከገና ጀምሮ እምቢ ያላት ነገር ተሳካላት። እትዬ ቬቱሪያ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ነገር ግን መንገዱን አወቁት፤ በየእረፍቱ ከግድግዳው ማዶ የተለቀመ ነው።

"የሰው ወርቅ አያደምቅ" አሉና ቁጥሩ ላይ ኤክስ አደረጉበት።

ሶሪና ሃያ ሦስቱን በመዳፏ አጠፋች። ሃያ አራት ጻፈችና ፊታቸውን አየች። አጠፋች። ሃያ ሁለት ጻፈች፤ ደግሞ አየቻቸው።

"እትዬ፣ ስንት ብዬ ልጻፍልዎ?" አለች በመጨረሻ።

በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀው አያውቁም። አፈሩ። ጠመኔውን ተቀብለው ራሳቸው 23 ጻፉና ልክ ነበርሽ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አሏት። ከዚያ ክፍሉን ለተማሪዎቹ አለቃ ትተው፣ የልጅቷን እጅ ይዘው የማዶውን በር አንኳኩ።

ሶሪና የኪሷን ክር ኢሊንካ ደረት ላይ ሰካች።

"ባንቺ ቀንቼ ልጄን በደልኩ" አሉ እትዬ ቬቱሪያ። "ይቺን መቀነስሽን እስቲ ለኔም አሳዪኝ።"

ኢሊንካ ደንግጣ ወንበር አቀረበችላቸው። ቁጭ እንዳሉ ዓይናቸው አላስችል ብሎት ደረቷን ቆጠረ። ሃያ ሦስት። ልጅቷን በገዛ እጃቸው አምጥተው አንድ ጨመሩላት፤ ቅናቱ ግን አልለቀቃቸውም፣ ፊታቸው ቅጭም አለ።

ሶሪና ከጎናቸው ተሸጎጠችና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

"አይዞዎት እትዬ፣ እኔም መጀመሪያ ላይ ከብዶኝ ነበር።"