አንድ ጉንጭ ወይን

ባለፈው ሳምንት ኦሎምፒያ አካባቢ በምሠራበት ምግብ ቤት አንድ ደንበኛ ያዘዘውን ቀይ ወይን ስከፍት፣ ቡሹ ከጠርሙሱ አንገት እንደወጣ ጦስኝ ሸተተኝ። የደቡብ ፈረንሳይ ወይን መሆኑን ለማወቅ ጽሑፉን ማንበብ አላስፈለገኝም። ገና ያልቆየ፣ ልጅ ወይን ነው። ደንበኛው ፊቴን አይቶ፣ "ምነው፣ ተበላሽቷል እንዴ?" አለኝ። "ኧረ ደህና ነው ጌታዬ" ብዬ ቀዳሁለት። ፊቴ ለምን እንደተለወጠ ለእሱ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር የምንኖረው ዛሬ ለሚ ኩራ በሚባለው ዳርቻ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። እናቴ እግሯን ከታመመች ወዲህ ደረጃውን ብቻዋን መውረድ አትችልም። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ውሃ ሲጠፋ ከታች የማመላልሰውም፣ እሷን ደግፌ የማወርደውና የማወጣውም እኔው ነኝ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ከበላያችን ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ እሷም ቀና ብላ፣ "መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ" ትላለች፣ ሁሉንም በስም የምታውቃቸው ይመስል። እኔ ጥርሴን እነክስ ነበር። እወዳት ነበር፤ ግን እዚያች ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር።

ታዲያ ሆቴሉ ከእኛ ከአስተናጋጆቹ አንድ ሰው መርጦ ደቡብ ፈረንሳይ፣ የወይን እርሻ ውስጥ ዓመት ሙሉ ሊያሠለጥን ሆነ። እዚያ አገር ብዙ የኖረ አበሻ አሠልጣኝ መጣልን። ከምሳ በኋላ ሰብስቦ ብርጭቆ እያዞረ ማሽተት ያስተምረናል። እኔ የበርበሬና የጥቁር አዝሙድ ቤት ልጅ ነኝ፤ ማሽተት አልከበደኝም። "አንቺ አፍንጫ አለሽ" አለኝ አንድ ቀን። በዚያች ቃል ሳምንቱን ሙሉ ተንሳፍፌ ከረምኩ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ደግፌ ደረጃ የማወርዳትን ሴት "ጥዬሽ ልሄድ ነው" እንዴት እላታለሁ?

የመምረጫው ፈተና ዓርብ ነበር፤ አሠልጣኙ ስላልተመቸው ወደ እሑድ ቀትር ተዛወረ። ሥራ አስኪያጇ፣ "እሑድ የቀረ ከዝርዝሩ ወጣ" አለች። ያን ዕለት ማታ እናቴ፣ "እሑድ አብረን እንቁረብ፤ የንስሐ አባታችንን አስፈቅጃለሁ" አለችኝ።

"ሌላ ሳምንት ብናደርገውስ፣ እማዬ?"

"አይሆንም ልጄ። ይኼኛው እሑድ ነው።"

እናቴ በቀላሉ ሙጭጭ የምትል ሴት አልነበረችም። ሕመሙ አስፈርቷት ይሆናል ብዬ እሺ አልኩ።

የቆረበ ሰው የዚያን ቀን ምራቁን እንኳ አይተፋም፤ መጠጥማ ጭራሽ አይታሰብም። ወይን የሚቀምስ ሰው ደግሞ እንዳይሰክር ቀምሶ ይተፋል፤ ሥራው ያ ነው። እኔም የራሴን ብልሃት አበጀሁ፤ አሸታለሁ፣ ከንፈሬን አረጥባለሁ፣ የቀረውን በምላሴ እወጣዋለሁ። ጠዋት ቆርበን እናቴን አራተኛ ፎቅ አውጥቼ አስቀመጥኳትና ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቦሌ ደረስኩ።

በነጭ ጨርቅ ላይ የአንድ እርሻ ወይን በሦስት ዕድሜ ተቀድቶ ተደርድሯል፤ አጠገቡ መትፊያ ባልዲ አለ። ልጁ ወይን የቀይ ሥር ውሃ ይመስላል፤ ጦስኝና ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። ይህንኑ ተናገርኩ፤ አሠልጣኙ ሳቀ። በመካከለኛውም በከንፈሬ አመለጥኩ። አሮጌው ጠርዙ ወደ ሸክላ መልክ አዘንብሏል። እሱን ሳነሳ አሠልጣኙ ፊቴ መጥቶ ቆመ።

"ይኼን በአፍንጫ ብቻ አታልፊውም። ጎንጪ፣ አፍሽ ውስጥ አዙሪው፣ ትፊው፣ ከዚያ ንገሪኝ።"

ሁሉም ያየኛል። ጎነጨሁ።

ዘቢብ። የደረቀ፣ የቆየ ዘቢብ፤ ቅዱስ ቁርባኑ የሚዘጋጅበት ያው ዘቢብ። ያንኑ ጣዕም ጠዋት ከእናቴ ጎን ቆሜ ተቀብዬው ነበር። አፌ ተዘጋ። አሠልጣኙ ባልዲውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ብተፋ ምን አባቴ ይውጠኛል? ብውጥስ? አጣብቂኝ ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ በጉንጭ የሚያዝ ነገር መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ቆርቤያለሁ እንዳልል አፌ ሞልቷል፤ ባይሞላስ፣ ቆርባ ወይን ልትቀምስ መጣች ሊባል አይደል?

"እሺ፣ ምን አገኘሽ?"

መልሱን አውቀው ነበር። ጥርሴ ጀርባ ቆሞ ነበር። እንባዬ መጣ።

"ተናገሪ እንጂ!" አለች ሥራ አስኪያጇ።

ብርጭቆውን አስቀምጬ አፌ እንደሞላ ወጣሁ። በሩ ላይ ጥበቃው፣ "በሰላም ነው?" ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩለት። ነጠላዬን አውጥቼ አፌን ሸፍኜ በዚያ ፀሐይ ወደ ታክሲው ሄድኩ። ጉርድ ሾላ ልንደርስ ስንል ረዳቱ፣ "እህት፣ የት ነሽ?" አለኝ፤ መልስ መስጠት ነበረብኝና ዋጥኩት። ሞቆ፣ ከእንባዬ ጋር ጨው ጨው ይል ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። የእኔ አልጋ ላይ አዲስ ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል።

"መቼ ነው የምትሄጂው?" አለችኝ።

"የት?"

"ፈረንሳይ ነዋ። የሆቴል ጓደኛሽ ሊጠይቁኝ ከመጡት ጋር መጥታ አምልጧት ነገረችኝ። ዓርብ ያልቃል፣ የምትመረጠውም ልጅዎ ናት አለችኝ። አገሩ ብርድ ነው አሉ። እኔን አታስቢ፤ የአክስትሽ ልጅ ከደብረ ብርሃን ትመጣልኛለች፣ ተነጋግረን ጨርሰናል። ቁርባኑንም ለመንገድሽ ስንቅ ይሁንሽ ብዬ ነው እኮ ዛሬ ካልሆነ ያልኩሽ።"

አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ከጋቢው አጠገብ ተቀመጥኩ።

"አልተመረጥኩም፣ እማዬ" አልኳት። "ዓርብ ሌላ ሰው መረጡ።"

አልጋዋን ተደግፋ ተነሣች። ከዚያ ጋቢውን ዘርግታ ትከሻዬ ላይ አደረገችልኝ። "ምን ጎድሎሽ ነው ልጄ?" አለች። በዚያው ቅጽበት አውሮፕላን ከበላያችን አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እናቴ ቀና አላለችም፤ ያን ቀን ብቻ አልመረቀችም።

እውነቱን፣ ፈተናው በቆረብንበት እሑድ እንደነበረ፣ ሳታውቅ አረፈች። እኔ ዛሬም እዚያው አራተኛ ፎቅ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ያ ደንበኛ ከሄደ በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረችውን ቀድቼ ቀመስኩ፤ ዘቢብ ለመሆን ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ማታ ቤቴ ገብቼ ጋቢዬን ለብሼ ተቀምጬ ሳለ አውሮፕላን መጣ። መስኮቱን በእጄ ደግፌ፣ "መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ" አልኩ፤ ከእሷ ወዲህ የምመርቀው እኔ ነኝ።