ለሁለተኛው ቫይረስ በር የዘጉት ጋሽ ታከለ

በዳባት ላቦራቶሪ ለብዙ ዘመን ያገለገሉት፣ እኔንም ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታከለ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በቤታቸው ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ያልደረሳችሁ ወዳጆቻቸው የሞታቸውን ምክንያት እየጠየቃችሁኝ ነው። ያረፉት በጉበት ሕመም ነው። እሳቸው ከማንም ደብቀውት ስለማያውቁ እኔም አልደብቀውም።

ሥራ ስጀምር ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ነበርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት የታካሚውን ስም ሳልጽፍበት ያስቀመጥኩትን የደም ቱቦ አነሡና «ይህ የማን ነው?» አሉኝ። ስም የሌለውን ደም ደፍተው፣ እንደገና ለመቅዳት ወደ ታካሚው ይዘውኝ ሄዱ፤ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

በእኛ አገር ዓይን ቢጫ ሲሆን «ወፍ በሽታ» ይባላል፤ የሌሊት ወፍ ያመጣዋል የሚልም አይጠፋም። ጋሽ ታከለ በማንም አያፌዙም ነበር። እሳቸው ራሳቸው ሁለት ቫይረስ ነበረባቸው። አንዱ ሲወለዱ ከእናታቸው የተላለፈባቸው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ሁለተኛው ሄፓታይተስ ዲ ነው፤ ዴልታም ይባላል። ምንነቱን ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ይኼ ብቻውን መራባት አይችልም። የራሱ ልባስ የለውም፤ የቢን ልባስ ካላገኘ ወጥቶ ሌላ አይይዝም። ቢ የሌለበት ሰው ዘንድ ማደሪያ የለውም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ጉበት ቶሎ ያልቃል። ለዴልታ ክትባት አልተሠራለትም፤ ለቢ ግን አለ። እንግዲህ ሥራችን የቱ ጋ እንደሆነ አየሽ?»

አንድ ቀን ጥሩየ የምትባል፣ በእርግዝናዋ ቢ የተገኘባት እናት ምጥ ቀድሟት ከዳባት ወጣ ብሎ ባለው ቤቷ መውለዷን ሰማን። ክትባቱ ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። የጋሽ ታከለ ሆድ ያን ጊዜ ውኃ መቋጠር ጀምሯል። «እርስዎ ይቅሩ» ብንላቸው፣ «አማቷን የኔታን የማውቃቸው እኔ ነኝ» ብለው ከአዋላጅ ነርሷና ከእኔ ጋር ዳገቱን ወጡ።

የቤተ ክርስቲያን መምህሩ የኔታ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን።

«የአንድ ቀን ሕፃን ነው። ክርስትና ሳይነሣ መርፌ አይነካውም።»

«የኔታ፣ ክርስትናው አርባ ቀን ይጠብቃል፤ ይህ ግን ነገን አይጠብቅም።»

«እስኪ ራስህን ተመልከት! መድኃኒታችሁ ቢያድን አንተን ባዳነ።»

እኔ አፈርኩ። ጋሽ ታከለ ግን ቀረብ ብለው፣ «እውነትዎን ነው፤ ይህን ቢጫ ዓይኔን በደንብ ይዩት። እኔ ስወለድ ይህ መርፌ አልነበረም። እናቴ ሳታውቅ አስተላለፈችብኝ። የልጅ ልጅዎ አድጎ እኔን እንዳይሆን ነው የመጣሁት» አሉ።

ከውስጥ የጥሩየ ድምፅ ተሰማ፦ «አባባ፣ ልጄን በሽታ አውርሼ ምን ልሆን ነው? ያስገቧቸው!»

የኔታ ከበሩ ዞር አሉ። አዋላጇ ሕፃኑን ጭኑ ላይ ወጋችው።

ስንመለስ ጋሽ ታከለ ሦስት ቦታ ተቀመጡ። ማልቀሴን ሲያዩ፣ «ይልቅ የቀሪዎቹን ክትባቶች ቀን ጻፊ፤ እንዳያልፍ» አሉኝ።

ሕፃኑ ዓመት ሲሞላው ደሙን መረመርኩ፤ ንጹሕ ነበር። ጋሽ ታከለ ያን ጊዜ አልጋ ላይ ነበሩ። ስነግራቸው «እሰይ!» ብለው ወዲያው፣ «የጥሩየ ጎረቤትስ? ነፍሰ ጡር ነች ብለሽኝ አልነበር?» አሉ። አልመረመርኳትም ነበር። በማግስቱ ሄድኩ።

በቀብራቸው ዕለት የኔታ መጥተው ከካህናቱ ጋር ፍትሐት አደረሱ። ሲጨርሱ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ይህ ሰው ደጃፌ ላይ ሰድቤው ተቀይሞ ያልሄደ ነው። ሚስቶቻችሁን አስመርምሩ፤ ልጆቻችሁን አስከትቡ» አሉ። በዚያው ሳምንት ሁለት ባሎች ሚስቶቻቸውን ይዘው መጡ።

ጋሽ ታከለ፣ ሕመምዎን ለሌላው መትረፊያ አደረጉት። ብዙ ደክመዋል። እግዚአብሔር ነፍስዎን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። ያልደረስንባቸው እናቶች ገና አሉ። እርስዎ ይረፉ፤ እኛ እንሄዳለን።