አውራ ጣት ያረፈበት ጠገራ

ኡዘይር በጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ጎን በተጣበቀች ጠባብ ሱቅ ሻሽ፣ ፎጣና የሰዓት ባትሪ ይሸጣል። ይህ ለስሙ ነው። ከዳባትም ይምጣ ከጠዳ፣ ከአያቱ ሙዳይ ጠገራ ብር ያገኘ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው «ኡዘይር አየው ወይ?» ተብሎ ነው። አየው መባሉ እንኳ ለአነጋገር ያህል ነው፤ ሰውየው ብር በዓይኑ አያይም። የቀኝ አውራ ጣቱን በብሩ ላይ ባለችው ሴትዮ ጉንጭ ላይ ያሳርፋል፣ ወደ ትከሻዋ ያወርዳል፣ እዚያ የተሰካው ጌጥ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ከዚያ «ደህና ነው» ወይም «አይደለም» ይላል፣ አለቀ። አባቱም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። በገበያው ውስጥ ከዚያ ጣት በላይ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለም።

ይህን የሚያህል አዋቂ በአንድ ነገር ግን ይስቅ ነበር። ኃይለ ማርያም የሚባል የጥንት ገንዘብ ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር፣ እጅ ያላሸው ጠገራ ካገኘ ከሌላው ብዙ እጥፍ እንደሚከፍል ይነግረዋል። ውጭ አገር እንዲህ ያለውን ብር መርማሪዎች በመነጽር አይተው፣ ነጥብ ሰጥተው፣ በላስቲክ ሳጥን ያሽጉታል አለው። ኡዘይር እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጠገራ እንደሆን የተጻፈበት ዓመት እንኳ አይለያይም፤ አገር ምድሩን የሞላ ብር ነው። በቅሎ ያልገዛ፣ ሙሽራ አንገት ላይ ያልዋለ፣ አንድም ቀን ሥራ ያልሠራ ብር በምን ሒሳብ ነው ከሠራው የሚበልጠው? ሥራ ፈት ብር ሲል ስም አወጣለት፤ ሻይ ቤቱም ስሙን ወደደለት።

በሚሊኒየሙ ዓመት፣ አዝመራው ገና ከማሳ ሳይነሳ፣ አባይነሽ የምትባል ሴት ከዳባት ወገን መጣች። ከመቀመጧ በፊት ነገሯን ተናገረች። እናቷ ሲሞቱ ሁለት ነገር ትተው ነበር፤ አንድ የእርሻ በሬና አንድ የጠቆረ የሰም ድብልብል። ሰሙን የደበለበሉት አያቷ ናቸው። ሰም ነጋዴ ነበሩና አንድ ቀን የሸጡበት ዋጋ በአዲስ ጠገራ ቢከፈላቸው፣ በአንዱ ብር ማማር ተገርመው እዚያው ትኩስ ሰም ውስጥ ከተቱት። እናቷ በአልጋ ላይ ሳሉ «ሰሙን አንቺ ውሰጂ» ስላሏት ወሰደች። በሬውን ወንድሟ አላምረው ወሰደ። ሽማግሌዎቹ ደግመው ጠየቋት፣ ሐሳቧን አልለወጠችም። ከዚያ ወዲህ አገሩ «ሰም ያረሰች» ይላታል። መሬት አላት፣ በሬ የላትም፤ በየዓመቱ ያመረተችውን እኩሌታ ለባለ በሬ ትሰጣለች። አሁን ሰሙን ሰንጥቃ ብሩን አውጥታዋለች፤ ምን እንደሚያወጣ ማወቅ ትሻለች።

ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አቀረበችለት። ለምን በነጠላ እንደያዘችው ኡዘይር ልብ አላለም። አንስቶ እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን በሴትዮዋ ጉንጭ ላይ አሳረፈ፣ ወደ ትከሻዋ አወረደ። ጌጡ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ሊጨፍን የነበረው ሰው በተቃራኒው ፈጠጠ። ጣቱን ወጋው። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ የሚያውቀው ለስላሳ ጉብታ ነው፤ ይህ ግን እንደ አሸዋ ሻካራ ነው።

«አይደለም» አላት።

አዲስ የተመታ የሐሰት ብር መሆኑን፣ እውነተኛ ጠገራ እንዲህ እንደማይሻክር አስረዳት። አባይነሽ አላለቀሰችም፤ ፊቷ ብቻ አመድ መሰለ። ከመቀነቷ ሁለቱን የሰም ክፋዮች አወጣች።

«እንኪያስ ቤቱን እየው» አለችው። «እሱንም የሐሰት ትለው እንደሆን ልወቅ።»

ሰሙ ከውጭ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፣ ከውስጥ ቢጫ ነው። በመሐሉ የሴትዮዋ መልክ ተገልብጦ ጎድጉዷል። ኡዘይር ሊያሳፍራት ሳይሆን ሊገላግላት ብሎ፣ ከመሳቢያው አባቱ ያወረሱትን፣ ጣቱን ያሠለጠነበትን ጠገራ አነሣና ሰሙ ውስጥ አስቀመጠው። ልክ ገባ። ፊደሉ በፊደሉ ቦታ፣ አፍንጫው በአፍንጫው ቦታ ተቀመጠ። ነገር ግን ሰሙ ላይ እያንዳንዱ የጠጉር ዘለላ ለብቻው ሲጎደጉድ፣ የእሱ ብር እዚያ ቦታ ላይ ሜዳ ነበር። ሰሙ ላይ የሴትዮዋ ሻሽ እጥፋት አለው፤ የእሱ የለውም። ሰሙ ላይ ከንፈሯ ፈገግ ሊል የቀረበ ነው፤ የእሱ ሴትዮ አፍ መኖሩ እንኳ በግምት ነው።

ኡዘይር ብሩን አወጣ፣ መልሶ አስገባ፣ ደግሞ አወጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ አውቃታለሁ የሚላትን ሴትዮ ፊት ለካ አይቶ አያውቅም። ያየው ሁሉ ሌላው ሰው ዳብሶ ያስተረፈውን ነው። ባትሪ የተደረደረበት ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። «ሱብሓነላህ» አለ፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። ከዚያ በአባይነሽ ፊት፣ ሻይ ቤቱም እየሰማ፣ ብሩ እውነተኛ፣ የተሳሳተው እሱ መሆኑን ተናገረ። እንዲህ ሲል የሰማው ሰው በፒያሳ አልነበረም።

ኃይለ ማርያም ለጥምቀት ወደ ቀሐ ጥምቀተ ባሕር ሊወርድ ሲመጣ ሦስቱ በሱቁ ተገናኙ። እንግዳው ነጭ ጓንት አጠለቀ፣ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ። ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው። እንዲህ ያለ አጋጥሞት እንደማያውቅ ተናገረ፤ ኡዘይርም ይህን ሲሰማ የተደነቀው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶት ደስ አለው። ከዚያ ሰውየው ብሩን ወደ በሩ ብርሃን አዘነበለና ቆመ። በሴትዮዋ ጉንጭ ላይ፣ ከወዲህ ሲያዩት የማይታይ፣ ከወዲያ ሲያዩት ቡናማ የሆነ የጣት አሻራ አለ።

«ማነው የነካው?»

ኡዘይር አውራ ጣቱን አየ። ዝም ቢል ከአባይነሽ በቀር ያየው የለም፤ የአያቷ ጣት ነው ቢል እሷም ማስተባበያ የላትም።

«እኔ ነኝ» አለ።

ይጠረግ እንደሆን ጠየቀ። መጥረግ ይብስ ያበላሸዋል አለው እንግዳው፤ አሻራው ብሩ ውስጥ ገብቷል። ሁለት ዋጋ ተናገረ፤ ባይነካ ኖሮ የሚከፍለውንና አሁን የሚከፍለውን። አባይነሽ ሁለቱንም በልቧ ወደ በሬ መነዘረችው። የመጀመሪያው ጥማድ በሬ ነበር፤ ሁለተኛው አንድ በሬ ነው። ኡዘይር ተከራከረ፣ አንዲት ጣት ምን ታሳሳለች አለ። እንግዳውም እያዘነ መለሰለት፤ የሚከፈለው ለብሩ አይደለም፣ ብሩስ የትም አለ፤ የሚከፈለው ይህን ያህል ዘመን እጅ ሁሉ አልፎት ሳይነካ ስለተገኘ ነው። ቀድሞ ቢሆን ኡዘይር በዚህ ነገር አንድ ሳምንት ይስቅ ነበር። አሁን ግን ሰሙን አይቷል፤ የሚስቅበት አፍ አጣ።

የጎደለውን በሬ ከራሱ እንደሚሞላ ነገራት። ጣቴ ያጠፋውን ቤቴ ይከፍላል፣ አለበለዚያ ሐቅሽ አያስተኛኝም አላት። አባይነሽ ግን አልቀበልም አለች።

«አያ ኡዘይር፣ ምነው ታቀረቅራለህ? አገር ሁሉ ሲስቅብኝ፣ ይህን ብር አይቶ ተሳሳትሁ ያለ ሰው አንተ ብቻ ነህ። የምገዛው በሬ ከወንድሜ በሬ ጋር ይቀናጃል፤ አሁን እሱም ሳይወድ በግዱ ደጄን ይረግጣል። ሸጋ ነው።»

ከዚያ ብሩን ለእንግዳው ሸጠችና የሰሙን ክፋዮች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ባዶውን ይዤ አልገባም፣ ለልጄ የምሰጠው ይኑር፣ አንድ ብር ክተትልኝ አለችው። ኡዘይር መሳቢያውን ከፈተ። ከብዙ ጠገራዎች መሐል እጁ ሳይፈላልግ የአባቱን አወጣ፤ ዋጋ አልጠራም፣ በጣቱም አልዳሰሰውም። ሰሙ ውስጥ አስቀመጠው፣ ሁለቱን ክፋዮች አጋጠመና በክር አሰረላት።

አባይነሽ ድብልብሉን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነቀነቀችው። ውስጡ ቀጭ ቀጭ አለ።

«ልቅ ነው» አለችው።

«አዎ» አለ ኡዘይር። «ያ ክፍተት የአባቴ ጣት የፋቀው ነው። የኔም ነው።»

እሷም ቀስ አድርጋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችና የዳባት መኪና ሳይሞላ ለመድረስ ተነሣች።