ዶሮዎቹ ተቀምጠው እኔ ቆሜ

ዛሬ ከሺሺንዳ ቦንጋ ድረስ ዶሮዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው እኔ ቆሜ መጣሁ!

ጥፋቱ የራሴ ነው። ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን፣ ሆቴሎች እግሯ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥላ የመጣች ዶሮ እንዳይገዙ ስንለምን ከረምን። እሺ ያሉን የቦንጋዋ ባለሆቴል እትዬ አስቴር ብቻ ናቸው።

ቅጥቅጡ አውቶብስ ውስጥ ስገባ፣ ለእሳቸው ዶሮ የሚያቀርቡት ጋሽ ወልዴ አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ዶሮዎች የያዘ ቅርጫት አስቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ቅርጫቱን አቅፈውት ልቀመጥ?»

«ዶሮዎቹ ተጨናንቀው ከመጡ እትዬ አስቴር ይመልሱብኛል። አንተው አይደለህ እንዴ ያስተማርካቸው፣ መምህር?»

(አንዷ ዶሮማ ገላምጣኛለች።)

የጣሪያውን ብረት ይዤ እንደተንጠለጠልኩ ቦንጋ ደረስን። እትዬ አስቴር ዶሮዎቹን አይተው ደስ አላቸው። የተጨማደደ ሸሚዜን ሲያዩ ግን፣ «ውይ! አንተንስ ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያመጣህ?» አሉኝ።

እናንተስ፣ ያሸነፋችሁት ክርክር መልሶ ያስቆማችሁ ጊዜ የለም? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልቁም።