ጋሽ ታፈሰ ያለበሱት ጣሪያ

ጋሽ ታፈሰ ባለፈው ሳምንት አርፈዋል። በቤታቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ እጃቸውን እንደያዙ፣ ጠዋት ላይ ነው ወደ ጌታ የሄዱት። በሽኝታቸው የነበራችሁ አይታችኋል። ርቃችሁ ያልሰማችሁ፣ ወይም አንድ ጊዜ መኪናችሁን አሠርታችሁ ስማቸውን እንኳ ሳትይዙ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተም ነው።

እኔ ዘነበች ነኝ። ኮልፌ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ጋራዥ እሳቸው የመኪና ውስጥ ሲያለብሱ፣ እኔ እዚያው ጥግ ላይ የወንበር ልብስና መጋረጃ ስሰፋ ኖረናል። ትዕግሥት የሚባል ነገር እንዳልፈጠረብኝ የሚያውቀኝ ያውቀዋል። እሳቸው ደግሞ መቸኮል አያውቁም ነበር። ስንት ጊዜ ደሜን እንዳፈሉት እኔና ጌታ ብቻ እናውቃለን። አሁን ያ ጥግ ጭር ሲል ግን፣ ማን ደሜን ያፍላልኝ እያልኩ አለቅሳለሁ።

ማጣበቂያው፣ ማስቲሹ፣ በሁለቱም ፊት ላይ ይቀባል፤ በጣሪያውም፣ በሚለጠፈው ስስ ጣውላ፣ በኮምፔንሳቶውም ላይ። ከዚያ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ይጠበቃል። ሌላው ሠራተኛ ሰዓቱን ያያል ወይም ሲጋራውን ያጨሳል። ጋሽ ታፈሰ ግን መዝሙር ይዘምሩ ነበር። የሚወዱት አንድ መዝሙር ነበራቸው፤ በበጋ አንዴ፣ በክረምት ደግመው፣ አንድም ስንኝ ሳይዘሉ ይጨርሱታል። ድምፃቸው ያን ያህል አልነበረም። ሲጨርሱ የጣታቸውን ጀርባ አስነክተው ይሞክሩታል፤ ካልደረሰ እንደገና ከመጀመሪያው። ባለመኪናው በር ላይ ቆሞ ሲቁነጠነጥ «እኔ ብቸኩልልህም ማስቲሹ አይቸኩልልህም» ይሉት ነበር።

ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ያዳምጡታል። የያዘው ቦታ ድምፁ ሙሉ ነው። ያልያዘው እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል።

ብዙ መኪና በእጃቸው አልፏል። እኔ የምነግራችሁ ግን ስለ አንዱ ብቻ ነው።

ገበያው ውስጥ ቅመማ ቅመም የምትነግደውን ሰናይትን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። እናቷ እማማ ወርቄ የቦንጋ ሰው ናቸው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ መቀመጥ አይችሉም፤ ቦንጋ ያሉት ታላቅ እህታቸው እማማ አስካለም አርጅተው ከቤት አይወጡም። ሁለቱ እህትማማቾች በስልክ እየተላቀሱ ብዙ ጊዜ ኖሩ። በኋላ ሐኪሙ በጀርባቸው ተኝተው ከሆነ መሄድ ይችላሉ አለ። ሰናይትም አንዲት አሮጌ ካምፐር፣ ውስጧ አልጋ ያላት የጉዞ መኪና፣ አፈላልጋ ገዛች። ጣሪያዋ በፋይበር ግላስ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነበር። የውስጡ ልባስ ግን ረግፎ፣ ፋይበሩ ራቁቱን ቀርቶ፣ ጠዋት ጠዋት ላብ ያንጠባጥብ ነበር።

ጋሽ ታፈሰ መኪናዋን ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት እማማ ወርቄ ጭንቅላታቸውን ወዴት አድርገው እንደሚተኙ ነው። ሰናይት ስታሳያቸው ጫማቸውን አወለቁና አልጋው ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ። እንዲያው ዝም ብለው ወደ ላይ ያያሉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ልቆጣ ስጠጋ ነው ቀና ያሉት።

«ዘኑ፣ እኛ ስንሄድ በመስኮት እናያለን» አሉኝ። «እሳቸው እስከ ቦንጋ ድረስ የሚያዩት ይሄንን ነው።»

ስለዚህ ጨርቁን እማማ ወርቄ ራሳቸው እንዲመርጡ ናሙና ተሸክመን ቤታቸው ድረስ ሄድን። እሳቸውም ሁሉንም በእጃቸው ዳስሰው ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ መረጡ። እኔ ቆሻሻ ይይዛል ብዬ ነበር። ጋሽ ታፈሰ በዓይናቸው ገላመጡኝ።

ቅዳሜ ጣሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው፣ አቧራውን ጠርገው፣ በቲነር አጽድተው ተዉት። ሰኞ ማስቲሹን ቀቡ፣ መዝሙራቸውን ዘመሩ፣ አረንጓዴውን ጨርቅ የለበሰውን ኮምፔንሳቶ ከመሀል ወደ ዳር እየተጫኑ ለጠፉት፣ በጣውላም ደገፉት። ማክሰኞ ድጋፉን አንሥተው መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቆሟት። ፀሐይ ያልፈተነውን ሥራ አያስረክቡም ነበር። ረቡዕ ማለዳ ጉዞ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ኮርኒሱ መሀሉ ላይ ረገበ። ልክ የእማማ ወርቄ ፊት በሚሆንበት ቦታ።

አውልቀው ሲያዩት ማስቲሹ ከፋይበሩ ላይ ተልጦ መጣ። በጣሪያው ላይ የሚያብረቀርቁ ቦታዎች ነበሩ፤ የሰው መዳፍ ከነጣቶቹ። ጋሽ ታፈሰ አንዱን ዳሰሱና አሸተቱት። የወይራ ዘይት ነበር።

ሰናይት ተጠርታ መጣች፣ አየችው፣ አፏን ያዘች። በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ቤት ሲገባ፣ ሱቅ ሲከፈት፣ መኪና ሲገዛ ሽማግሌዎች ዘይት ይዘው መጥተው ይጸልያሉ። እሑድ ከፕሮግራም በኋላ እነሱን ይዛ ወደ ጋራዡ መጥታ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ዘበኛውን አስከፍተው ገብተው፣ አባቶች እንደመሆናቸው የደረሱበትን ሁሉ ቀብተዋል፤ ጣሪያው ደግሞ ለእጅ ቅርብ ነው። ለጋሽ ታፈሰ መንገር ያሰበ አልነበረም፤ ጸሎት ነዋ፣ ምን ይነገራል?

በዚያው ሰዓት ከቦንጋ ተደወለ። እማማ አስካለ ምግብ ትተዋል። ሰናይት ስልኩን ዘግታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

እኔ ወደ ብሎን ነው የሮጥኩት። በአራት ማዕዘን ወግተን እንሰረውና ይሂዱ አልኩ። ጋሽ ታፈሰ ፋይበሩ ከተበሳ ዝናብ እንደሚያስገባ፣ የተበሳውም እየተሰነጠቀ እንደሚሄድ ነገሩኝ። እሺ አላልኩም። ያን ጊዜ ጉዳዩ የማስቲሽ አልነበረም፤ እማማ ወርቄ እህታቸውን በሕይወት ያገኟቸዋል ወይስ አያገኟቸውም ነው። ንዴቴን በሽማግሌዎቹ ላይ ተወጣሁ፣ ያልተናገርኩት የለም። ዞር ስል ከሁሉም ትልቁ፣ አባባ ጴጥሮስ፣ ሰምተው መጥተው ከኋላዬ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ልንባርክ መጥተን አበላሸንባችሁ» አሉ።

ጋሽ ታፈሰ ወንበር አቀረቡላቸው። «አባባ፣ ጸሎቱ እዚህ አልቀረም፤ ወደሚሄድበት ሄዷል» አሏቸው። «የቀረው ዘይቱ ነው። እሱን አብረን እናነሣዋለን።»

ሌሎቹም ሽማግሌዎች ተጠርተው መጡ፣ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጋሽ ታፈሰ ለእያንዳንዳቸው ቲነር የነካ ጨርቅ ሰጡና፣ አንዴ የጠረጉበትን የጨርቅ ፊት እንዳይደግሙት፣ አለዚያ ዘይቱን ለጎረቤቱ ቦታ እንደሚያዳርሱት አስረዷቸው። እኔ ከስፌቴ ጥግ ንጹሕ ቁራጭ ጨርቅ እያመላለስኩ፣ ሰናይት ባትሪ እያበራች አመሸን። ከዚያ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት፣ እንደገና ቲነር፣ እንደገና ማስቲሽ። ጋሽ ታፈሰ መዝሙራቸውን ሲጀምሩ ሽማግሌዎቹም ያውቁታልና አብረው ተቀበሉ። ብርድ ስለነበር ደገሙት። የጣታቸውን ጀርባ አስነኩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሦስተኛ ተዘመረ። እኔ እንኳ ዘምሬያለሁ።

ኮምፔንሳቶው ሲወጣ አባባ ጴጥሮስን መሀል ላይ አቆሟቸው። መዳፋቸውን እሑድ ያኖሩበት ቦታ እንዲመልሱትና በርታ ብለው እንዲይዙት ነገሯቸው። ሽማግሌው ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ ያዙ፤ ጋሽ ታፈሰ ጣውላውን እስኪያስገቡ ድረስ አልለቀቁም።

ረቡዕ ማለዳ ሰናይት እንሂድ ብላ ለመነች። ጋሽ ታፈሰ ፀሐይ ሳይፈትነው እናትሽ ፊት ላይ አላኖረውም አሉ። እኩለ ቀን እስኪሆን ሁላችንም መኪናዋን ከበን ተቀመጥን። ከዚያ ገብተው ከጥግ እስከ ጥግ አንኳኩት፣ አዳመጡት፣ ወጡ። «ይሂዱ» አሉ።

ደረሱ። ሰናይት እንደነገረችን፣ እማማ ወርቄ ከመኪናዋ መውረድ ስላልቻሉ እማማ አስካለን የወንድማቸው ልጆች በክንዳቸው ታቅፈው አስገቧቸውና እህታቸው ጎን አስተኟቸው። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ፣ ያንን አረንጓዴ ጣሪያ እያዩ እስኪመሽ አወሩ። ስለ ምን እንዳወሩ አልተሰማም። ሳቅ ግን ይሰማ ነበር ብላናለች። እማማ አስካለ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ጋሽ ታፈሰ ይህን ሲሰሙ ጀርባቸውን ሰጥተውን ብሩሽ ማጠብ ጀመሩ፤ የታጠበ ብሩሽ ነበር።

ሳንባቸው ታሞ ከሆስፒታል ወደ ቤት ሲመለሱ ሰናይት ያችኑ መኪና ይዛ መጣች። አልጋው ላይ አስተኛናቸው። እትዬ አልማዝ እግራቸው ሥር፣ እኔ ራስጌ። ከአየር ጤና ወዲህ መንገዱ ሲያንገጫግጨን ዓይናቸውን ገለጡና ወደ ላይ አዩ። እጃቸውን ለማንሣት ሞከሩ፣ አቃታቸው።

«ዘኑ፣ አንቺ አንኳኪልኝ» አሉኝ።

ቆሜ ከጥግ ጀምሬ አንኳኳሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። መሀል ላይ፣ የአባባ ጴጥሮስ መዳፍ የነበረበት ቦታ ስደርስ «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። ፈገግ አሉ።

ጋሽ ታፈሰ፣ እርስዎን ወደ መቃብር የወሰድንዎት በዚያችው መኪና ነው። ሰናይት ሌላ መኪና አይሆንም አለች። አባባ ጴጥሮስ በምርኩዛቸው መጥተው ነበር፤ ሲጸልዩ እጃቸውን ሳጥንዎ ላይ አደረጉ፣ ጣሪያውን ግን ቀና ብለው አዩት እንጂ አልነኩትም። የእርስዎን መዝሙር ዘመርን። ሰው ሁሉ አንዴ ዘምሮ ሊያቆም ሲል እኔ እንደገና ጀመርኩ፤ ማለዳው ይበርድ ነበርና። እንዳይቸኩሉ ብዬ ነው ጋሼ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስቸኩል ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆይ ነገር ፈለግሁ። ወንዶቹ እርስዎን ሊያወርዱ በሩን ሲከፍቱ ቆም በሉልኝ አልኳቸው። ተነሥቼ መሀሉን አንኳኳሁት። ከዚያ ማንም እንዲሰማ ሳልፈልግ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አልኩ፤ ያኔ ሳይሰሙኝ ቀርተው ከሆነ አሁንም እነግርዎታለሁ። ሙሉ ነው ጋሽ ታፈሰ። ይሂዱ።