ማኅበሩ አልታሰረም

መካነ ሰላም ላይ ያሰሩን ቤት ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ወለሉ ላይ ነጭ ብናኝ ቀርቷል። ስምንት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የታሰርሁት ስብሰባ ላይ ተነሥቼ በተናገርሁት ነው፤ ምን እንዳልሁ የሰሙት ያውቃሉ። ክስ አልነበረም፣ ቀጠሮም አልነበረም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ ጠያቂ መጥቶልሻል ተባልሁ። የሟች ባለቤቴ ወንድም ነው። እሱ፣ እኔና አንዲት የወረኢሉ ነጋዴ ሦስት ሆነን የዱቄት ፋብሪካ አቋቁመናል፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር። ስንቅ አላመጣም። በመካከላችን ባለው የሽቦ አጥር ቀዳዳ አንድ ወረቀት አቀበለኝ።

«እትዬ፣ ድርሻዎን ወደኔ ያዛውሩልኝ። እርስዎ ታስረው ማኅበሩ እንዴት ይቆማል? ከፈረሙ ሰዎቹን አነጋግሬ ነገ አስወጣዎታለሁ። ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ።»

እንዲህ ነው እሱ፤ አንቱታው መቼም አይጎድልም።

ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። አልዋሽም፣ ልፈርም ነበር።

አጠገቤ የምትተኛው ወጣት የሕግ ባለሙያ ነበረች፤ ከመታሰሯ በፊት ለነጋዴዎች የውልና የማኅበር ሰነድ ታዘጋጅ ነበር። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እትዬ፣ የታሰረው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ማኅበሩስ?»

ወረቀቱን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልለቀቀችውም።

«ማኅበሩ አልታሰረም። በሕግ ራሱን የቻለ ሰው ነው። የራሱ ስም፣ የራሱ ንብረት አለው፤ ይከሳል፣ ይከሰሳል። እርስዎ ቢታሰሩም እሱ ሥራ ላይ ነው።»

ከጂዳ የተመለሰች አንዲት እስረኛ ከጥግ ብድግ አለች። «የማይበላ፣ የማይታይ፣ የማይታሰር! ወላሂ ይሄስ ጂን ነው!»

ሳቅን። ጠባቂው በሩን በዱላ መታው። እኔን ግን አንድ ነገር ወረረኝ። መመሥረቻ ጽሑፉን ስፈርም ማሽን የገዛሁ እንጂ ሰው የፈጠርሁ አልመሰለኝም ነበር። እዚያ ሽታ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከግንቡ ውጭ በገዛ ስሙ የሚኖር፣ ካቴና የማይገባለት ፍጥረት እንዳለኝ ሰማሁ።

ወጣቷ ቀጠለች። «ውል በነጻ ፈቃድ ነው። በማስፈራራት የተፈረመ ሊፈርስ ይችላል፤ ግን የማስረዳቱ ሸክም የእርስዎ ነው፣ የጊዜ ገደብም አለው። አለመፈረም ይሻላል። ደግሞ ይህን ይዩ።»

ወደ ወረቀቱ ግርጌ አመለከተችኝ። የኔ ቦታ ባዶ ነው። ከሥሩ «ውሉን ሲፈራረሙ ያየን ምስክሮች» ይልና ሁለት ፊርማ አለ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ የልጄን ጋብቻ የሸመገለ ነው። እኛ ዘንድ ለምስክርነት መጠራት ክብር ነው፤ ትልቅ ሰው ወረቀት ሲቀርብለት ምንድን ነው አይልም፣ ይፈርማል። ስማቸውን አልጽፍም። ራሳቸውን ያውቃሉ።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። እስክሪብቶውን አስቀድሞ አወጣ።

«ምስክሮቹን አምጣቸው» አልሁት።

«እነሱማ ፈርመዋል፣ እትዬ።»

«ምን አይተው? ይምጡና ከጎኔ እዚህ ወለል ላይ ይቀመጡ። የት ሆኜ እንደምፈርም ይዩ።»

«እልህ አይጠቅምም። እዚሁ ይቀራሉ።»

«እኔ ልቅር። ማኅበሩ አልታሰረም።»

ወረቀቱን በራሱ እጥፋት አጥፌ በሽቦው ቀዳዳ መለስሁለት። ነጠላዬን አጣፋሁና ጀርባዬን ሰጠሁት። ስገባ የጂዳዋ ሴት «አብሽሪ እታለም፣ አይዞሽ» ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ሌላ ሁለት ወር ተቀመጥሁ። ምስክሮቹ አልመጡም።

የባለቤቴ ወንድም ዛሬም ባለ ድርሻ ነው፤ በየዓመቱ ጉባኤ ላይ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። ይቅር አላልሁትም፤ ሕጉም ይቅር በይ አላለኝም። ወጣቷን እኛ ከመፈታታችን በፊት ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት፤ የት እንዳለች አላውቅም። አሁን ውል ስፈርም ሁለቱን ምስክሮች አጠገቤ አቆምና እጄን እንዲያዩ አደርጋለሁ። ጠዋት ፋብሪካው ሲነሣ ድምፁ እስከ ቤቴ ይሰማል። የያዝሁትን አስቀምጬ አዳምጠዋለሁ። ያኔ ያልታሰረው እሱ ነው።