አባቴ በስልክ ጥይት የመረጠበት ቀን

ባለፈው ዓርብ እዚህ ኩዌት፣ ፋሐሂል ገበያ ውስጥ በአንድ የአደን ዕቃ መሸጫ ደጃፍ ሳልፍ የጠመንጃ ዘይት ሸተተኝና ቆምኩ። የምገዛው ነገር አልነበረኝም። ግን ያ ሽታ የአባቴ ልብስ ሽታ ነበር።

አባቴ ባሌ ተራራ ላይ አዳኞችን እየመራ ነው ያሳደገን። የራሱ ጠመንጃ አልነበረውም። የእንግዶቹን ይወለውላል፣ የወደቀውን ቀለህ ይለቅማል፤ የትኛው ጥይት ምን እንደሚሠራ ግን ከባለቤቶቹ ይበልጥ ያውቅ ነበር። እኔ በሃያ ዓመቴ ኩዌት መጥቼ ሩማይሲያ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት በሠራተኝነት ተቀጠርኩ። እዚያ ስለ አባቴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤ ወንዶቹ ወደሚቀመጡበት ዲዋኒያ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ባዶ ቀለሆች ቆመው ፀሐይ ያበራባቸዋል፤ አንዱ ወፍራሙ፣ ሦስት መቶ ሰባ አምስት፣ ሌላው ቀጭኑ፣ ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት የሚባለው ጥይት ነው። የቤቱ ሽማግሌ፣ ባባ የምንላቸው፣ እኛ አገር ሄደው የደጋ አጋዘን ሊያድኑ ነበር። ትልቁ ልጃቸው ወፍራሙን አንስቶ፣ «ይሄ ጎሽ ይጥላል፤ ምን ያከራክራል?» አለ።

«ከሸለቆ ማዶ ላለ አውሬ ከሆነ የእሱ እርሳስ ሳይደርስ ቶሎ ወደ ታች ይወርዳል» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ልጁ ሳቀ። ባባ ግን አልሳቁም።

«ማን ነገረሽ?»

«አባቴ።»

«ደውዪለት።»

ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም፣ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አባቴ መጀመሪያ ደነገጠ፤ «ምን ሆንሽ ልጄ?» አለ። ነገሩን ሳስረዳው ጉሮሮውን ጠረገና እንግዶቹን ሲመራ በሚናገርበት ድምፅ ጀመረ። እኔ ወደ ዐረብኛ እመልሳለሁ።

«በያቸው፣ ጫካ ውስጥ በቅርብ ለመምታት ወፍራሙ ጥሩ ነው። የእኛ አጋዘን ግን ማዶ ነው የሚቆመው፤ ሦስት መቶ ሜትር ሊርቅ ይችላል። የቀጭኑ እርሳስ ሾል ያለ ስለሆነ ነፋሱን ይሰነጥቃል፣ ብዙም አይወርድም። ደግሞ ጠይቂያቸው፤ ሲተኩሱ የሚያስደነግጣቸው የትኛው ነው? ትከሻ የፈራው ጥይት ከሩቅ አይመታም።»

ባባ ቀኝ ትከሻቸውን እያሹ፣ «እውነቱን ነው፤ ወፍራሙን እፈራዋለሁ» አሉ። ልጁ ቀለሁን መልሶ አስቀመጠ።

ቀጭኑን መርጠው ሄዱ፤ መሪያቸውም አባቴ እንዲሆን ጠየቁ። በአንድ ጥይት ጣሉ። ሲመለሱ ዲዋኒያው በሰው ተሞልቶ ሳለ አስጠሩኝና ፎቶውን አሳዩ። አባቴ ከኋላቸው ሳይሆን ከጎናቸው ቆሟል።

«የዚህች ልጅ አባት ኡስታዝ ነው፤ አስተማረኝ» አሉ። ያን ቀን የሻይ ትሪውን ቀና ብዬ ተሸክሜ ነው የወጣሁት።

አባቴ ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ክረምት ሞተ። ለቀብሩ አልደረስኩም። እናቴ እንደነገረችኝ ለጎረቤት ሲያወራ የኖረው ስለ ጥይቱም ስለ አጋዘኑም አልነበረም። «ልጄ ለእነዚያ ትልልቅ ሰዎች ስታስረዳ ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም» ይል ነበር አለች።

በስልክ ስለነበር እጄን አላየም።